ዶን ቤኒቶ ጋልዶስና የሽምብራው ስድብ

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ነው። አንድ አንባቢ የሉዊስ ቡኑኤልን «ትሪስታና» የተሰኘ የ1970 ፊልም ተመልክተው መነሻው የቤኒቶ ፔሬዝ ጋልዶስ ልብ ወለድ መሆኑን ያውቃሉ። ስለ ደራሲው ማንበብ ሲጀምሩ ደግሞ «ሽምብራ ሻጩ ዶን ቤኒቶ» የሚል ስድብ ያጋጥማቸዋል። «ሰውየው ማን ነበር? ስድቡስ ይገባዋል? ላንብበው ብል ከየትኛው መጽሐፍ ልጀምር?» ይላሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከስድቡ ልጀምር። ቃሉ በስፓኒሽ «ጋርባንሴሮ» ነው። ጋርባንሶ ሽምብራ ማለት ነው። የማድሪድ ሰው የዘወትር ምግቡ ኮሲዶ የሚባል የሽምብራ ወጥ ስለነበር ሽምብራ የተራው ቤት፣ የጠባቡ ወጥ ቤት ምልክት ሆኖ ኖሯል። ሽሮ ሲንተከተክ እየሰማ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያሻም። ቃሉ የሚገኘው ራሞን ዴል ባዬ ኢንክላን በ1920 ባወጣው «የቦሄሚያ ብርሃናት» በተሰኘ ተውኔት ውስጥ ነው። ወጣት ገጣሚዎች በሌሊት ማድሪድ ውስጥ ሲንቀዋለሉ፣ አንደኛው በቋንቋው አካዳሚ ውስጥ የሽምብራ ሻጩ ወንበር ባዶ መሆኑን እያላገጠ ያነሳል። ጋልዶስ የሞተው በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 4 ቀን ነበርና ሬሳው ገና ከመቀበሩ የተወረወረ ቃል ነው ማለት ይቻላል። ተናጋሪው ገጸ ባሕርይ እንጂ ደራሲው በራሱ አንደበት አለመሆኑን ልብ ይበሉ። ያም ሆኖ ስድቡ ተጣበቀ፤ መቶ ዓመት አለፈው፣ አሁንም አልለቀቀም።

የእኔ መልስ ይህ ነው፦ ተሳዳቢዎቹ ያዩት ልክ ነበር፤ ፍርዳቸው ግን የተሳሳተ ነው። ጋልዶስ በእርግጥም የሽምብራ ደራሲ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ምን እንደበሉ፣ በስንት እንደገዙት፣ ገንዘቡን ከማን እንደተበደሩና መቼ እንደሚከፍሉ ይነግረናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስፔን ውስጥ ሰው እንዴት እንደኖረ ለማወቅ የሚፈልግ ሁሉ እስከ ዛሬ ወደ እሱ የሚሄደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ትልቁ ጥበቡ ያለው እነሱ ባፈሩበት ቦታ ላይ ነው።

የተወለደው በ1843 በካናሪ ደሴቶች፣ በላስ ፓልማስ ከተማ፣ ለቤቱ አሥረኛና የመጨረሻ ልጅ ሆኖ ነው። አባቱ ወታደር ነበር፤ ከናፖሊዮን ጋር በተደረገው ጦርነት ዘምቶ ስለነበር ለልጁ የሚያወጋው አያልቅበትም። እናቱ ቆፍጣና ነበረች። ልጇ ሕግ እንዲማር ብላ በ1862 በ19 ዓመቱ ወደ ማድሪድ ላከችው። እሱ ግን ክፍል ከመግባት ይልቅ መንገዱን፣ ካፌውንና ቴአትር ቤቱን አዘወተረ። ዝምተኛና ዓይን አፋር ነበር። ጥጉን ይዞ ይቀመጥና ያዳምጣል። ዲግሪውን ሳይዝ ጋዜጠኛ ሆነ።

አንድ ነገር ግን ከወጣትነቱ ዘመን ሳይነሳ ሊታለፍ አይገባም። በጁን 1866 በሳን ሂል ጦር ሰፈር የመድፈኛ ሳጅኖች አመፁ፤ አመፁም ከሸፈ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጋልዶስ የተፈረደባቸውን ሳጅኖች በአልካላ ጎዳና ላይ ሽቅብ ሲወስዷቸው አየ። ሁለት ሁለት እየሆኑ በኪራይ ሠረገላ ተጭነው ነበር፤ የሚረሸኑትም በአሮጌው የበሬ መፋለሚያ ግንብ ሥር ነበር። ይህን ትዕይንት በስተርጅናው፣ ትዝታውን ሲያስጽፍ እንኳ አልረሳውም። ታሪክ ማለት ለሱ ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንገድ የሚያልፍ፣ በመስኮት የሚታይ፣ ጎረቤትህን ጭኖ የሚሄድ ነገር ሆነ።

በሚቀጥለው ዓመት ፓሪስን አየ። ከሴን ወንዝ ዳር መጽሐፍ ሻጮች የፈረንሳዊውን ደራሲ የባልዛክን «ዩጂኒ ግራንዴ» ገዛ፤ ከዚያ በኋላ ባልዛክን ለቃቅሞ ጨረሰው። በ1868 የእንግሊዛዊውን ደራሲ የዲክንስን «ፒክዊክ» ወደ ስፓኒሽ መልሶ በጋዜጣ አወጣ። የመጀመሪያ ልብ ወለዱ በ1870 ታተመ።

አንዳንዶች በዚህ ተነስተው «የባልዛክ ግልባጭ» ይሉታል። እኔ አልቀበለውም። ከባልዛክ የወሰደው አንድ ዘዴ ነው፤ በአንዱ መጽሐፍ ዋና የነበረ ሰው በሌላው መንገደኛ ሆኖ ብቅ ይላል። አራጣ አበዳሪው ቶርኬማዳ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በበርካታ መጻሕፍት ጥግ ላይ እየመጣ ወለዱን ሲሰበስብ ከቆየ በኋላ ከ1889 እስከ 1895 የራሱ አራት መጻሕፍት ተሰጡት። ወደ ቋንቋው ስንመጣ ግን ባልዛክም ዲክንስም የሉበትም። በዚያ ጋልዶስ ብቻውን ነው።

«ብሔራዊ ክንውኖች» ስለተሰኙት ተከታታይ የታሪክ ልብ ወለዶቹ ብዙ አልልም፤ ብዛታቸው ግን ያስደነግጣል። 46 መጻሕፍት ናቸው። ከ1805ቱ የትራፋልጋር የባሕር ጦርነት ተነስተው እስከ ራሱ ዘመን ይደርሳሉ። የመጀመሪያዎቹን 20 ከ1873 እስከ 1879 ባለው ጊዜ አከታትሎ አወጣቸው። «ትራፋልጋር»ን ሊጽፍ ሲሰናዳ ሳንታንደር ውስጥ በዚያው ጦርነት ከሰመጡት መርከቦች በአንዷ ላይ በልጅነቱ ያገለገለ ሽማግሌ አገናኙት። ከመዛግብት የማይገኘውን ከዚያ ሰው አፍ ሰማ። ተራኪው ገብርኤል አራሴሊም የካዲዝ ድሃ ልጅ ነው። ጄኔራሎቹ ከሩቅ ያልፋሉ፤ የምናየው ገመዱን የሚጎትተውን፣ የመርከቡን ወለል ደም እንዳያንሸራትት አሸዋ የሚነሰነስበትን ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። «ፎርቱናታ እና ሃሲንታ» በ1886 እና 1887 የተጻፈ ባለ አራት ክፍል ልብ ወለድ ነው። ሁዋኒቶ ሳንታ ክሩዝ የሀብታም ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ አንድያ ልጅ ነው። ፎርቱናታ የምትባል የድሃ ሰፈር ልጅ ያማልላል፣ ይተዋታል፣ ዘመዱን ሃሲንታን ያገባል። ሃሲንታ መውለድ አልቻለችም፤ ፎርቱናታ ትወልዳለች። ታሪኩ በዚህ ላይ ነው የሚሽከረከረው። ተራ ታሪክ ነው፤ በየትኛውም አገር ያለ። ግን የመጀመሪያውን ግንኙነታቸውን ይዩልኝ።

ሁዋኒቶ የታመመ የቤተሰቡን ወዳጅ ሊጠይቅ ካቫ ደ ሳን ሚጌል ወደሚባለው መንገድ፣ ቤት ቁጥር 11 ይሄዳል። መግቢያው የዶሮና የእንቁላል ሱቅ ነው፤ ላባ ይረግጣሉ። ደረጃውን ሲወጣ አንድ በር ተከፍቶ ልጅቷ ቆማለች። ራሷ ላይ ሻሽ፣ ትከሻዋ ላይ ነጠላ መሰል ልብስ ጣል አድርጋለች፤ ትከሻዋን ስትነፋ ዶሮ ላባዋን ስታንዠረግግ ትመስላለች። ጥሬ እንቁላል ትመጥጣለች። ዝልግልጉ በጣቶቿ መሃል ይወርዳል። «ጥሬውን እንዴት ይበሉታል?» ይላታል። ከተቀቀለው ይሻላል ብላ «ይፈልጋሉ?» ትለዋለች። ሊቀበል ዳዳው፤ ግን ጥሬ እንቁላል ያቅለሸልሸዋል፤ «አይ፣ አመሰግናለሁ» ይላል። እሷ መጥጣ ትጨርስና ቅርፊቱን ትወረውረዋለች፤ ከታች ያለው ግድግዳ ላይ ሄዶ ይሰባበራል። ከዚያ ከሥር የሚያስፈራ ድምፅ «ፎርቱናአአ!» ብሎ ይጣራል። ልጅቷ በደረጃው መደገፊያ ላይ ጎንበስ ብላ የሁዋኒቶን ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ታሰማለች፦ መጣሁ!

ለብዙ ዓመታት ይህን ገጽ ለተማሪዎች ሳነብብ ኖሬያለሁ፤ እስከ ዛሬ አልሰለቸኝም። ሰውየው ሊቀበል ፈልጎ ተጸየፈ። መጽሐፉ ከሺህ ገጽ በላይ ሄዶ ሄዶ የሚነግረን ይህንኑ ነው፤ ሁዋኒቶ ፎርቱናታን ይመኛታል፣ ይጸየፋታልም፤ ቅርፊቱን የሚሰብረው ግን የሷ እጅ ነው። ጋልዶስ ይህን ሐሳብ በቃል አይነግረንም። እንቁላሉን ብቻ ያሳየናል። «መጣሁ» የሚለውን ቃል እንኳ የጻፈው በመዝገበ ቃላቱ ፊደል አይደለም፤ የሰፈሯ ልጆች ጎትተው እንደሚሉት አድርጎ ነው።

መጽሐፉ ሲጀምር ደግሞ ብዙ አንባቢ የሚሰለቸው ረጅም ክፍል አለ፤ የማድሪድ ጨርቃ ጨርቅ ንግድ ታሪክ። እባክዎ አይዝለሉት። የሃሲንታና የሁዋኒቶ ቤተሰቦች የከበሩበት አንዱ ንግድ በፊሊፒንስ በኩል ከቻይና የሚመጣው ባለ ጥልፍ ደማቅ የማኒላ ሻል ነበር። ሲንጋፖር የእስያ ንግድ ማዕከል ስትሆን፣ ከሰሜን አውሮፓ ደብዘዝ ያለ ቀለም ፋሽን ሆኖ ሲመጣ፣ ወይዛዝርቱ ሻሉን ጣሉት። ደማቁን ቀለም ሳይጥል የቆየው ድሃው ሰፈር ነው። የአንድ ክፍለ ዘመን ለውጥ በአንዲት ሻል ትከሻ መቀያየር ሲተረክ እኔ ሌላ ቦታ አላየሁም።

«ሚያው» (1888) አጭር ነው፤ ለእኛ አገር አንባቢ ደግሞ ምንም ማብራሪያ አይፈልግም። በዚያ ዘመን ስፔን ሁለት ፓርቲዎች በተራ ሥልጣን ይይዙ ነበር። ሹም ሽር በመጣ ቁጥር ከሚኒስትሩ እስከ ጸሐፊው ይጠረግና የአዲሱ ወገን ሰው ይተካል። ራሞን ቪያአሚል በገንዘብ ሚኒስቴር ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው። ጡረታው ሊሟላ ሁለት ወር ሲቀረው ከሥራ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ደጅ ጥናት ነው፤ ደብዳቤ መጻፍ፣ ኮሪደር ላይ መቆም፣ ትናንት ታዛዡ ለነበረ ሰው ባርኔጣ ማንሳት። ለመንግሥት አራት የማሻሻያ ሐሳቦች አርቅቋል፤ ሥነ ምግባር፣ የገቢ ግብር፣ ጉምሩክ፣ የዕዳ ማዋሐድ። የአራቱ ርዕሶች የመጀመሪያ ፊደላት በስፓኒሽ ሲገጣጠሙ «ሚያው» ይሆናሉ፤ ፊታቸው ድመት ይመስላል ተብሎ ለቤቱ ሴቶች የወጣው የማሾፊያ ስም። የቀድሞ ባልደረቦቹ በዚህ ይስቁበታል። አገሩን የሚያድንበት ዕቅድ የድመት ድምፅ ሆነ።

ከሁሉም አብልጬ የምወደው ግን «ምሕረት» የተሰኘውን የ1897 መጽሐፍ ነው። ጋልዶስ ለዚህ መጽሐፍ የማድሪድን ድሃ ሰፈሮች ለወራት ዞሯል። የማዘጋጃ ቤት የንጽሕና ሐኪም መስሎ የየኔ ቢጤዎች ማደሪያ ድረስ ገብቷል፤ ይህን ራሱ በ1913 በጻፈው መቅድም ተናግሯል።

መጽሐፉ የሚከፈተው በሳን ሴባስቲያን ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ እንደ አንዳንድ ሰዎች ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ በር ወደ ድሆች ሰፈር፣ ሌላው ወደ ነጋዴ ጌቶች አደባባይ ያያል። በሁለቱም በሮች የኔ ቢጤዎች ተሰልፈዋል። ሰልፉ ሹም አለው፣ ማዕረግ አለው፤ ነባሩ ለምእመኑ ቅርብ የሆነውን ቦታ ይይዛል፣ አዲስ መጪ ከኋላ ይቀመጣል። በደጀ ሰላም በኩል ያለፈ ሰው ይህን ሥርዓት ያውቀዋል። ዶን ካርሎስ የሚባል ባለጸጋ ሳንቲሞቹን አስቀድሞ ቆጥሮ ይመጣና ለማንም ሳይበዛ ለማንም ሳይጎድል ያድላል።

ከለማኞቹ አንዷ ቤኒና ናት፤ ስድሳ ገደማ የሆናት የቤት ሠራተኛ። እመቤቷ ዶኛ ፓካ ከስራለች፤ ቤት ውስጥ የሚበላ የለም። ቤኒና እመቤቷን ለመመገብ በየቀኑ እየወጣች ትለምናለች። እመቤቲቱ እንዳታፍር ግን ውሸት ፈጥራለች፤ ዶን ሮሙዋልዶ የሚባሉ ቄስ ቤት ተመላላሽ ሠራተኛ ሆኛለሁ ትላለች። ቄሱ የሉም፤ የእህታቸውን ልጅ ሳይቀር ከራሷ ነው የፈጠረቻቸው። አንድ ቀን ግን ዶን ሮሙዋልዶ የሚባሉ እውነተኛ ቄስ የውርስ ዜና ይዘው በሩን ያንኳኳሉ። ከዚህ በኋላ በቤኒና ላይ የሚደርሰውን አልነግርዎትም። አንድ ነገር ግን ላሳይዎት። ዶን ካርሎስ ከዶኛ ፓካ ጋር ዝምድና ስላለው ቤኒናን ወደ ቤቱ ያስጠራታል። ቤኒና ተስፋ አድርጋ ትሄዳለች። እሱም እመቤትሽን የጎዳት ሒሳብ አለመያዟ ነው ብሎ ረጅም ምክር ይሰጥና፣ ከትንሽ ገንዘብ ጋር የሒሳብ መመዝገቢያ ደብተር ይሰጣታል። የሚመዘገብ ሳንቲም ለሌለው ቤት ደብተር። ጋልዶስ እዚህ ላይ አይቆጣም፣ አይሰብክም። ደብተሩን በእጇ ያስይዛትና ወደ መንገድ ይመልሳታል።

እንከን የለበትም አልልም። በ1870ዎቹ ከጻፋቸው አንዳንዶቹ፣ «ዶኛ ፐርፌክታ»ን ጨምሮ፣ ክርክራቸው ይበዛል፤ ጨለማውና ብርሃኑ ገና ከመነሻው ተከፍሎ ተሰጥቷል። እርስዎ ያዩት «ትሪስታና»ም (1892) በራሱ ዘመን ተተችቷል። ተቺዋ ደራሲዋ ኤሚሊያ ፓርዶ ባሳን ነበረች፤ የጋልዶስ ወዳጅ፣ ለተወሰነ ጊዜም ፍቅረኛው። መጽሐፉ የሴትን ነጻነት ጥያቄ አንስቶ መንገድ ላይ ጥሎታል አለች። እውነቷን ነው ብዬ አምናለሁ። ቡኑኤል ደግሞ ታሪኩን ከማድሪድ ወደ ቶሌዶ ወሰደው፣ ዘመኑንም ወደ 20ኛው ክፍለ ዘመን አመጣው፣ ፍጻሜውንም በበቀል ዘጋው። በመጽሐፉ ውስጥ በቀል የለም። እግሯን ያጣችው ትሪስታና አሳዳጊዋን ሽማግሌ አግብታ ኬክ መጋገር ትለምዳለች። ተራኪው ሁለቱም ደስተኞች ነበሩ ወይ ብሎ ይጠይቅና ራሱ ይመልሳል፦ «ምናልባት።» ለእኔ ከቡኑኤል በቀል ይልቅ ይህች አንድ ቃል ትከብዳለች።

በሕይወቱ ማብቂያ ስሙ ከፖለቲካ ጋር ተጣብቆ ነበር። በ1886 እግሩ ረግጧት የማያውቃትን የፖርቶ ሪኮን ጉዋያማ ወክሎ ለፓርላማ ተመርጦ ነበር፤ የዘመኑ ምርጫ እንዲያ ነበር። በኋላ ግን ከልቡ ሪፐብሊካን ሆነ። በጃንዋሪ 30፣ 1901 «ኤሌክትራ» የተሰኘው ተውኔቱ ማድሪድ ሲታይ፣ አንዲትን ወጣት በማታለል ገዳም ስለማስገባት ስለነበር፣ ተመልካቹ ከአዳራሹ ወጥቶ መንገድ ላይ ጮኸ። ወግ አጥባቂዎቹ ያንን ይቅር አላሉትም። በ1912 ለኖቤል ሽልማት ደጋፊዎቹ ሲነሱለት ተቃዋሚዎቹ ከዚያው ከስፔን ተነሱበት፤ ሽልማቱ ለጀርመናዊው ሃውፕትማን ሄደ።

በዚያው ጊዜ ዓይኑን ሞራ ይዞት በ1911 እና በ1912 ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ አልዳነም። «ማሪያኔላ» (1878) ውስጥ የዓይነ ስውር ወጣትን ብርሃን በሐኪም እጅ መልሶ ነበር፤ ለራሱ ግን አልሆነለትም። የመጨረሻዎቹን መጻሕፍት በቃል አስጻፈ። ገንዘብ ስላጠረው በ1914 ሕዝባዊ መዋጮ ተሰበሰበለት፤ ንጉሡ አልፎንሶ 13ኛ ሳይቀር ለሪፐብሊካኑ ደራሲ አዋጡ።

በጃንዋሪ 1919 ማድሪድ ሬቲሮ መናፈሻ ውስጥ ሐውልቱ ተመረቀ። ቀራጺው ወጣቱ ቪክቶሪዮ ማቾ ነበር። ጋልዶስ ማየት ስለማይችል ወደ ድንጋዩ እንዲያቀርቡት ጠየቀ፤ ፊቱን በእጁ እየዳሰሰ አለቀሰ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲሞት መንግሥት በሚገባ አልሸኘውም የሚል ቅሬታ ነበር። መንገዱን የሞላው የሰፈሩ ሕዝብ ነው፤ ጉልት ሻጮች፣ ሠራተኞች፣ መጻሕፍቱን ያነበቡ ሰዎች።

ከየት ይጀምሩ? ከ«ምሕረት»። ሁለተኛ «ሚያው»ን ያንብቡ፤ ሁለቱም በእንግሊዝኛ ይገኛሉ። ታሪክ ከወደዱ «ትራፋልጋር» በሁለት ቀን ያልቃል። «ፎርቱናታ እና ሃሲንታ»ን ለክረምት ያቆዩት፤ ጊዜ ይፈልጋል፣ በሩጫ አይሆንም። «ትሪስታና» ይቆይ፤ ፊልሙ ከጭንቅላትዎ ትንሽ ይደብዝዝ።

ሲያነቡ የገንዘቡን ቁጥር አይለፉት፤ ታሪኩ ያለው እዚያ ነው። አንድ ፔሴታ 4 ሪያል ነው፤ አንድ ዱሮ 5 ፔሴታ። ይህን በመጽሐፉ የመጀመሪያ ባዶ ገጽ ላይ በእርሳስ ይጻፉት። ቤኒና በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ለእመቤቷ የነገ ምግብ የምትፈልገው አንድ ዱሮ ነው፤ ለመነችም ተበደረችም፣ ከሳንቲም ሳንቲም ስትደምር አብረው ይደምሩላት።